የአጃ ኩኪስ በጅማ፦ መጀመሪያ ቅባቱን እንወቅ

የአጃ ኩኪስ ሳይሳካ ሲቀር ብዙ ሰው አጃውን ወይም ኦቭኑን ይወቅሳል። አንዱ ጋ ሊጡ ትሪው ላይ ቀልጦ ይዘረጋና ሁሉም ተያይዞ አንድ ይሆናል። ሌላው ጋ እንደተድቦለቦለ ይጋገርና ሲበሉት ይፈረፈራል። ሌላው ደግሞ ትኩሱን ግሩም ነው፣ በነጋታው ግን ጥርስ አያስገባም። እኔ እንደማየው የዚህ ሁሉ አብዛኛው ዱቄት ሳይነካ ገና ይወሰናል። የትኛውን ቅባት ያዝን? ጠንካራ ነበር፣ ለስላሳ ነበር ወይስ ቀልጦ ነበር? ውስጡ ምን ያህል ውኃ ነበረው?

ስለዚህ ከመለኪያው በፊት ስለ ቅባት ረዘም አድርጌ አወራለሁ። ቅባቱን ያወቀ ሰው ከየትም ያገኘውን ሪሲፒ ቤቱ ባለው ነገር አስተካክሎ ይሠራል። ያላወቀ ግን ግራሙን በትክክል መዝኖም ሊሳሳት ይችላል። ጅማ ላይ ይህ እውቀት ይበልጥ ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት ሪሲፒዎች በአብዛኛው ለቆላ ከፍታ፣ ለፋብሪካ ቅቤና ለቡናማ ስኳር የተጻፉ ናቸው። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቅቤያችን ብዙ ጊዜ ከገበሬ ቤት የመጣ ነው። ማራችንና ኮረሪማችን ግን ሪሲፒው ላይ ከተጻፈው ማጣፈጫ ሁሉ ይበልጣሉ።

ቅባት ሊጥ ውስጥ ምን ይሠራል?

የስንዴ ዱቄት ከውኃ ጋር ሲገናኝና ሲታሽ ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ መረብ ይሠራል። ዳቦ ይህን መረብ ይፈልገዋል። ኩኪስ ግን አይፈልገውም፤ መረቡ ከጠነከረ ኩኪሱ ጎማ ይሆናል። ቅባት የዱቄቱን ቅንጣቶች ቀድሞ ይለብሳቸውና ውኃ እንደልቡ እንዳያገኛቸው ያደርጋል። መረቡ አጭርና ደካማ ሆኖ ይቀራል። አፍ ውስጥ ስብር የሚለው ኩኪስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ሥራው አየር መያዝ ነው። ለስላሳ ግን ያልቀለጠ ቅቤ ከስኳር ጋር ሲመታ፣ የስኳሩ ጥርስ ቅቤውን እየቧጨረ ጥቃቅን የአየር ኪሶች ይፈጥራል። ቤኪንግ ሶዳ አዲስ ኪስ አይሠራም፤ ያሉትን ብቻ ይነፋል። ፈሳሽ ዘይት ደግሞ በስኳር ቢመታ አየሩን አይዝም። በዘይት የተሠራ ኩኪስ ጠፍጠፍና ጥብቅ ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጥፋት አይደለም፣ የዘይት ጠባይ ነው።

ሦስተኛው መዘርጋቱን መወሰን ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ትሪው ኦቭን ውስጥ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ሊጡ መፍሰስ ይጀምራል፤ እንቁላሉና ዱቄቱ እስኪረጉ ድረስም ይዘረጋል። ከዚህ በላይ ባለ ሙቀት የሚቀልጥ ቅባት ሊጡን ረዘም ላለ ጊዜ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ኩኪሱም ወፍራም ይሆናል።

የመጨረሻው ጣዕሙ ነው። ቅቤ ውስጥ ከቅባቱ ሌላ ትንሽ የወተት ፕሮቲንና የወተት ስኳር አለ። እነዚህ በሙቀት ሲጠቁሩ ያንን የተጠበሰ፣ የሚያስጎመጅ ሽታ ይሰጣሉ። ዘይትና የሚረጋ ቅባት ይህ የላቸውም። ምንም ቫኒላ ቢጨመርባቸው አይተኩትም።

ገበያችን ውስጥ ያሉት ቅባቶች

በፋብሪካ ቅቤ ውስጥ ቅባቱ 80 በመቶ ገደማ ነው። ውኃው ከ16 እስከ 18 በመቶ ይሆናል፣ የቀረው የወተት ቅሪት ነው። ሪሲፒ ላይ «ቅቤ» ሲባል የሚታሰበው ይህ ነው። ከዚህ ቁጥር ተነስተን ነው ሌላውን ሁሉ የምንተካው።

የእኛ ለጋ ቅቤ ከእርጎ ተንጦ የሚወጣ ነው። አሬራው በደንብ ካልወጣለት ውኃው ከፋብሪካው ይበልጣል፣ ጣዕሙም ይኮመጥጣል። ትንሽ ኮምጣጤነት ለኩኪስ ጥሩ ነው፤ ሶዳውን ይቀሰቅሰዋል። የበዛው ግን ሊጡን ያረጥባል፣ ግሉተኑንም ያነቃዋል። ሐሙስ ገበያ የወጣ ሰው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን ገልጦ ማሽተት አለበት። ንጹሕ፣ ቀለል ያለ የእርጎ ሽታ ያለው ይሁን። የከረመው፣ አፍንጫ የሚመታው ቅቤ ለወጥ ወይም ለፀጉር ይሁን እንጂ ኩኪስ ውስጥ አይግባ። ያ ሽታ ቅቤው እየቆየ ሲሄድ ከሚለቃቸው አሲዶች የሚመጣ ነው፣ መጋገርም አያጠፋውም።

ቤት ሲደርስ ቅቤውን ማጠብ ግድ ነው። ሳፋ ውስጥ በጣም ቀዝቃዛ ውኃ አድርጉና ቅቤውን በእንጨት ማንኪያ ወይም በንጹሕ እጅ እሹት። ውኃው ነጭ ሲሆን ድፉት፣ ሌላ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩ። ውኃው ጥርት ብሎ እስኪቀር ይደጋገም። ከዚያ ቅቤውን እየተጫናችሁ ያቆረውን ውኃ በሙሉ አውጡትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ይህን ሥራ መዝለል የሚያዋጣ ይመስላል፣ ግን አያዋጣም። ስለ ቅቤው ጥራት ጥርጣሬ ካደረባችሁ ትንሽ መዝናችሁ ብርጭቆ ውስጥ በቀስታ አቅልጡትና አስቀምጡት። ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውኃውና ቅሪቱ ከታች ይቀመጣሉ። የታችኛው ከቀለጠው ከጠቅላላው ሩብ በላይ ከሆነ ያ ቅቤ እንዳለ አይጋገርበትም፤ አንጥሩት።

ንጥር ቅቤ ውኃው ተኖ ያለቀ፣ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ቅባት ነው። ስለዚህ በቅቤ ልክ ከተደረገ ሊጡ ከሚገባው በላይ ይቀባል፣ ይፈሳል። 120 ግራም ቅቤ ለሚል ሪሲፒ 95 ግራም ንጥር ቅቤና አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ወተት ይበቃል። ለወጥ የተነጠረው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮሰረትና በሶብላ የገባበት ግን ለዚህ አይሆንም። ለመጋገሪያ የሚሆነውን ለብቻው፣ በኮረሪማ ብቻ አንጥሩ። ጅማ ላይ ሆኖ ትኩስ ኮረሪማ ማጣት የለምና ይህን አንድ ማሰሮ ሁልጊዜ ቤት ማኖር እመክራለሁ። ለኩኪስ ብቻ ሳይሆን ለድፎ ዳቦም ይሆናል።

ማርጋሪን የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1869 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ለቅቤ ርካሽ ምትክ እንዲሆን ነው። ዛሬ በአብዛኛው ከአትክልት ዘይት ይሠራል። ሲገዛ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው የቅባቱ መጠን ነው። ዳቦ ላይ የሚቀባው ለስላሳው ዓይነት ቅባቱ 60 በመቶ ወይም ከዚያም በታች ሊሆን ይችላል፣ የቀረው ውኃ ነው። ለመጋገር 80 በመቶ የሚደርሰውን፣ በጠጣር መልክ የሚሸጠውን ፈልጉ። ሁለተኛው ማሸጊያው ላይ «በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዘይት» የሚል መኖር አለመኖሩ ነው። እንዲህ ያለው ዘይት ትራንስ ፋት የሚባለውን፣ ልብን የሚጎዳ ቅባት ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. አገሮች በፋብሪካ የሚመጣውን ትራንስ ፋት ከምግብ እንዲያስወግዱ ጥሪ ያቀረበው ለዚህ ነው። ልጆቻችን የሚበሉት ነገር ነውና ጽሑፉን ለማንበብ አንድ ደቂቃ አንሰስት።

የሚረጋ ዘይት የምንለው በአብዛኛው የፓልም ዘይት ነው። ውኃ የለበትም፣ ቅባቱ 100 በመቶ ነው። በንጥር ቅቤው ስሌት ይገባል። ጥሩ ጎኑ ከስኳር ጋር ተመትቶ አየር መያዙና ኩኪሱን ወፍራም ማድረጉ ነው። ደካማ ጎኑ ጣዕም የለውም፣ ሲቀዘቅዝም አንዳንዴ ላንቃ ላይ የሚቀር ስሜት ይተዋል። ግማሹን ቅቤ፣ ግማሹን የሚረጋ ዘይት ማድረግ ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው፤ ቅቤው ጣዕሙን፣ ዘይቱ ቁመናውን ይሰጣል።

ፈሳሾቹ የኑግ፣ የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት ናቸው። የሱፍ ዘይት ጣዕሙ አይሰማም። ያልተጣራ የኑግ ዘይት ግን የራሱ ጠንካራ ጣዕም አለው፤ ከለውዝና ከቀረፋ ጋር ይስማማል፣ ከቫኒላ ጋር ይጣላል። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍል ቶሎ አየር የሚበላው የቅባት ዓይነት ስለሆነ፣ ከብርሃንና ከሙቀት ርቆ በደንብ ተከድኖ ይቀመጥ። የቆየ ቀለም የመሰለ ሽታ ካመጣ ኩኪስ ውስጥ አታስገቡት።

የትኛውን ልምረጥ ለሚል፣ የእኔ መልስ ያለ ማመንታት በደንብ የታጠበ ለጋ ቅቤ ነው። በጾም ደግሞ ዘይትና የለውዝ ቅቤ፤ እሱን ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ።

ስለ አጃው

ሱፐርማርኬት ኦትስ ተብሎ የሚሸጠው በእንፋሎት በስሎ የተዳመጠ አጃ ነው። እንፋሎቱ የሚደረገው በምክንያት ነው። አጃ ከስንዴና ከበቆሎ የበለጠ ቅባት አለው፣ ያንን ቅባት የሚያፈርስ ኢንዛይምም አብሮት ይኖራል። ሳይሞቅ የተፈጨ አጃ ሲቆይ የሚመረው በዚህ ኢንዛይም ነው። ስለዚህ ጥሬ የአጃ ዱቄት ወይም ቂንጬ ከወፍጮ ካመጣችሁ በትንሽ በትንሹ አምጡ፣ ቶሎም ተጠቀሙ።

ለኩኪስ የሚመቸው ትልልቅ ቅጠል ያለው ኦትስ ነው። በአንድ ደቂቃ የሚደርሰው ደቃቁም ይሆናል፣ ኩኪሱ ግን ወጥና ለስላሳ ይሆናል። ያላችሁ የአጃ ቂንጬ ብቻ ከሆነ እንዳለ አትጨምሩት፤ እንደ ጠጠር ይቀራል። መጀመሪያ በደረቅ ምጣድ ሽታው እስኪወጣ አመስ አድርጉት። 150 ግራም ቂንጬ ላይ 75 ሚሊ ሊትር የፈላ ወተት አፍሱና ከድናችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ሲቀዘቅዝ ሊጡ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ሌላ ፈሳሽ አይጨመርም። ኩኪሱ የሚያኘክ፣ ሸካራ ይሆናል። እኔ በጣም ነው የምወደው።

ኦትሱንም ቢሆን ከመጠቀማችሁ በፊት በምጣድ ሞቅ ማድረግ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ እጃችሁ አይቁም፤ ቀለሙ ከመቀየሩ በፊት ሽታው ይነግራችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ይህ ልኬት ለጅማ ከፍታ ተስተካክሎ የተሠራ ነው። ወደ 22 ኩኪስ ይወጣዋል።

ታጥቦ ውኃው የወጣለት ለጋ ቅቤ፣ 120 ግራም
ስኳር፣ 130 ግራም
ማር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ
እንቁላል፣ 1 ትልቅ
የፉርኖ ዱቄት፣ 130 ግራም
ኦትስ፣ 150 ግራም
ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ
ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ
የተፈጨ ኮረሪማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
ዘቢብ ወይም የተቆላ ለውዝ፣ 80 ግራም

ቡናማ ስኳር ከሌለ ምን ይደረጋል የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ሪሲፒዎች ቡናማ ስኳር የሚሉት ውስጡ ያለው ሞላሰስ እርጥበት ስለሚይዝና ትንሽ አሲድ ስላለው ነው። ማር ሁለቱንም ያደርጋል። አንድ ማንኪያ ይበቃል። ስኳሩን በሙሉ በማር ከተካችሁ ሊጡ ይላላል፣ ኩኪሱም ሳይበስል ይጠቁራል።

እንቁላሉ የሐበሻ ከሆነ ትንሽ ነውና አንድ ሙሉ እንቁላልና የሌላ አንድ አስኳል አድርጉ። ቤኪንግ ሶዳ ከሌለ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይተካዋል። መለኪያ ሚዛን ግን ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ የሻይ ብርጭቆ ከቤት ቤት ይለያያል፣ ዱቄትም እንደ አሞላሉ ክብደቱ በጣም ይለዋወጣል።

አሠራሩ

ቅቤው ከፍሪጅ ወጥቶ በጣት ሲነካ ጎድጎድ የሚል፣ ግን የማያብረቀርቅና የማይፈስ መሆን አለበት። በዲግሪ ሲነገር 18 ወይም 20 አካባቢ ነው። ጅማ ቀን ላይ ሞቃት ስለሆነ፣ በተለይ በበጋ፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ቅቤ ቶሎ ያልፍበታል። ጠዋት መሥራት ይሻላል። ካለፈበት ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አሥር ደቂቃ መልሱት።

ቅቤውንና ስኳሩን ምቱ። በእጅ ማሽን ሦስት ደቂቃ፣ በእንጨት ማንኪያ ደግሞ ክንድ እስኪዝል፣ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። ቀለሙ ነጣ ማለቱን፣ መጠኑም ከፍ ማለቱን እዩ። የኩኪሱ አየር ሁሉ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ከዚህ በኋላ አየር የሚጨመርበት ዕድል የለም። ማሩን ጨምሩ። ቀጥሎ እንቁላሉን፣ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ያልሆነውን፣ ጨምራችሁ እስኪዋሐድ ምቱ። ቀዝቃዛ እንቁላል ቅቤውን ያረጋዋል፣ ድብልቁም ይበጣጠሳል። ከተበጣጠሰ አንድ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩበት፣ ይመለሳል።

ዱቄቱን፣ ሶዳውን፣ ጨውንና ኮረሪማውን አብራችሁ ንፉ። ሶዳ ሳይነፋ ከገባ እዚህም እዚያም ተቋጥሮ የሚመር ነጥብ ይሆናል። ደረቁን ቅቤው ላይ ጨምሩና በማንኪያ ቀስ ብላችሁ ቀላቅሉ። ነጭ ዱቄት መታየቱ ሲያቆም እናንተም አቁሙ። ከዚህ ወዲያ ማሸት ግሉተኑን መቀስቀስ ነው። በመጨረሻ ኦትሱና ዘቢቡ ይገባሉ።

አሁን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሊጡን ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት አስቀምጡት። ቢያድር ደግሞ የተሻለ ነው። አጃው ፈሳሹን ይጠጣል፣ ቅቤው መልሶ ይጠነክራል፣ ጣዕሙም ይዋሐዳል። ቸኩሎ የተጋገረና አድሮ የተጋገረ ሊጥ ከአንድ ሳፋ የወጡ አይመስሉም። መብራት ከሄደም አትጨነቁ። ፍሪጁ ካልተከፈተ ሊጡ እስከ አራት ሰዓት ያህል ይጠብቃል።

ኦቭኑን 180 ዲግሪ ላይ ቀድማችሁ አሙቁ። የኦቭኑ ምልክት መብራት ጠፍቶ «ሞቋል» ባለ ቅጽበት አትክተቱ፤ ግድግዳው ሙቀቱን እንዲይዝ ሌላ አሥር ደቂቃ ስጡት። ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ። ወረቀት ከሌለ በጣም ስስ ቅቤ ቀብታችሁ ዱቄት ነስንሱ። ወፍራም ቅባት ከተቀባ ኩኪሱ ይንሸራተታል፣ ይሳሳል።

መጀመሪያ አንድ ኩኪስ ብቻ ጋግሩ። ይህ ምክር ከሁሉም ይበልጥብኛል። 30 ግራም ሊጥ አድቦልቡላችሁ፣ በመዳፍ ትንሽ ጫን አድርጋችሁ፣ ከ11 እስከ 13 ደቂቃ ጋግሩት። በጣም ከተዘረጋ ቅቤው ውኃ ነበረው ወይም ሊጡ ሞቋል ማለት ነው፤ አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩና መልሳችሁ አቀዝቅዙ። ጭራሽ ካልተዘረጋ ዱቄቱ በዝቷል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ጠብ አድርጉና ስትድቦለብሉ ይበልጥ ጫኑት። ታቹ ጠቁሮ ላዩ ከነጣ ትሪውን አንድ እርከን ከፍ አድርጉ። ይህን አንዱን በመሠዋት ሃያ አንዱን ታድናላችሁ።

ሲበስል ጠርዙ ወርቃማ፣ መሐሉ ግን ገና ጥሬ የሚመስል መሆን አለበት። በዚያ ሰዓት አውጡት። ትሪው ላይ እንዳለ አምስት ደቂቃ ይረጋል፤ ያኔ ቅባቱ መልሶ መያዝ ይጀምራል። ትኩሱን ካነሳችሁት ይቆረሳል። መሐሉ እስኪደርቅ ኦቭን ውስጥ የቆየ ኩኪስ ነው በነጋታው ጥርስ የማያስገባው።

ከፍታው ለምን ልኬቱን ቀየረው?

ጅማ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ አራት አምስተኛ ገደማ ነው። ውኃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግፊቱ ስላነሰ ሶዳው የሚለቀው ጋዝ ይበልጥ ይነፋል፣ ኩኪሱ ቶሎ ያብጥና ሳይረጋ ይወድቃል። ውኃውም ፈጥኖ ስለሚተን የቀረው ስኳር ይወፍራል፤ ስኳር ደግሞ ሊጡ እንዳይረጋ የሚያዘገይ ነገር ነው። ውጤቱ መዘርጋት ነው። ስለዚህ ከኢንተርኔት ሪሲፒ ስትወስዱ ሶዳውን በሩብ ቀንሱ፣ ከአንድ ኩባያ ስኳር ላይ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ አንሱ፣ ሙቀቱን ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ጨምሩ። ቅባቱንም አንድ ማንኪያ መቀነስ ይቻላል። እንቁላሉን ግን አትንኩት።

የተቆላ ቅቤ

ለየት ያለ ጣዕም ለሚፈልግ ቅቤውን መቁላት ነው። 150 ግራም የታጠበ ለጋ ቅቤ ውስጡ በሚታይ፣ ጥቁር ባልሆነ ብረት ድስት አቅልጡ። መጀመሪያ እየተንጣጣ ውኃውን ይለቃል። ድምፁ ጸጥ ሲልና አረፋው ሲነሳ ከታች ያለው ቅሪት መቅላት ጀምሯል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ልክ ቡና ስንቆላ እንደምናደርገው ዓይንና አፍንጫ ከድስቱ አይነሱም። ቡናማ ሆኖ የተቆላ ለውዝ ሽታ ሲያመጣ ወዲያው ሌላ ዕቃ ውስጥ ገልብጡት፤ ድስቱ ውስጥ ከቆየ በራሱ ሙቀት ያርራል። የታችውን ቅሪት ጠርጋችሁ ጨምሩ፣ ጣዕሙ እሱ ላይ ነው። ከዚህ 95 ግራም መዝናችሁ ውሰዱና አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ። እንደ ለጋ ቅቤ እንዲመታ ፍሪጅ ውስጥ እስኪረጋ አቆዩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ የተፈጨ ቡና ትኩሱ ቅቤ ላይ ቢነሰነስ ከኮረሪማው ጋር ድንቅ ነው። ለቡና ቁርስ የምጋግረው ይህንን ነው።

ኦቭን ለሌለው

ወፍራም፣ ከባድ ብረት ድስት ያስፈልጋል። ታቹ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጨው ወይም ታጥቦ የደረቀ አሸዋ አፍሱ። ከላዩ ሦስት እኩል ድንጋይ ወይም የብረት ማስቀመጫ አድርጉ። ከድናችሁ በመካከለኛ እሳት ሃያ ደቂቃ አሙቁት። ኩኪሱን ድስቱ ውስጥ በሚገባ ትንሽ ትሪ አድርጋችሁ አስገቡና ከድኑ። ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይፈጃል። ሙቀቱ ከታች ብቻ ስለሆነ ላዩ ነጣ ይላል። ክዳኑ ብረት ከሆነ እንደ ድፎ ዳቦ ትንሽ ከሰል ከላይ ማድረግ ይቻላል፣ በር ወይም መስኮት ተከፍቶ። የማያጣብቅ ቅብ ያለውን ድስት ለዚህ አትጠቀሙ፤ ባዶውን መሞቅ የለበትም።

ለጾም

የጾሙ ኩኪስ እንቁላልም ቅቤም የለውም፣ ግን በደንብ ሊጣፍጥ ይችላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩት፤ ይለጠጣል፣ የእንቁላሉን የማያያዝ ሥራም ይሠራል። በ120 ግራም ቅቤው ፋንታ 75 ግራም የሱፍ ወይም የኑግ ዘይትና 40 ግራም ያልጣፈጠ የለውዝ ቅቤ አድርጉ። የለውዝ ቅቤው ግማሽ ያህሉ ቅባት ስለሆነ ስሌቱ ይሞላል፣ ሊጡንም አካል ይሰጠዋል። ማሩና ስኳሩ እንዳሉ ናቸው። ዘይት አየር ስለማይዝ ብዙ መምታት አያስፈልግም፤ ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ማሩንና ተልባውን አዋሕዱና ደረቁን ጨምሩ። ፍሪጅ ውስጥ ማቆየቱ ግን አይቀርም፤ እዚህ የሚጠቅመው ለአጃው ነው። ማርጋሪን ከተጠቀማችሁ የወተት ተረፈ ምርት ሊኖረው ስለሚችል ማሸጊያውን አንብቡ። ለእንግዳ ስታቀርቡ ለውዝ የማይስማማው ሰው አለመኖሩን ጠይቁ።

አቀማመጥ

ክረምት ላይ ጅማ እርጥበቷ ብዙ ነው። ክፍት የተቀመጠ ኩኪስ በአንድ ሌሊት ይለሰልሳል። ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አድርጉ። ሳይቀዘቅዝ ከተከደነ እንፋሎቱ ውስጡ ይቀራል። የለሰለሰውን 150 ዲግሪ ላይ ሦስት አራት ደቂቃ ብትመልሱት ያድሳል። በቅቤ የተሠራው አምስት ቀን፣ በዘይት የተሠራውም እንዲሁ ይቆያል። ያልተጋገረው ሊጥ ተድቦልቡሎ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ወር ይቀመጣል። ሲፈለግ ሳይቀልጥ በቀጥታ ኦቭን ይገባል፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይጨመርለታል።